የአፋፍ ሚካኤል ችግኞች

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ እርስ በርስ ግን አይስማሙም።

የመጀመሪያው ከቡይት ራስ በላይ ካለችው ከአፋፍ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። የፈረሙበት አስተዳዳሪው መምሬ ሃብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ደብዳቤው፣ ባለፈው ሐምሌ ከደባት ስምንት መቶ የጥድ ችግኝ እንደተቀበሉ፣ ሕዝቡ በሁለት ቀን ተረባርቦ እንደተከለው፣ አንድም በግ እንዳላስገቡበት፣ ሆኖም ጥር ሳይገባ እንደደረቀ ይዘረዝራል። «የተሰጠን ከሥሩ የታመመ፣ በግዴለሽነት የፈላ ችግኝ ነው። የችግኝ ጣቢያው ፎርማን ወይዘሮ ታንጉት ሕዝቡን አታላለች። ቦረቦሩ በየክረምቱ አፈሩን እየናደ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ተጠግቷል፤ እኛ በእሷ ምክንያት አንድ ክረምት አጣን» ይላል።

ሁለተኛው የታንጉት ነው። «ስምንት መቶውን ችግኝ አንድ በአንድ ቆጥሬ፣ አረንጓዴውን፣ ውሃ አጠጥቼ ነው የጫንኩት። ከዚያው የችግኝ መደብ የተነሣው እዚህ ደባት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለምልሞ ቆሟል፤ መጥቶ ማየት ይቻላል። እላይ የደረቀው ወይ ከነላስቲኩ ተቀብሮ ነው፣ ወይ በግ በልቶት ነው፣ ወይ ጉድጓዱ ጥልቀት አጥሮት ነው። በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» ትላለች።

የደባርቅ ደን ጽሕፈት ቤት ኃላፊዬ ሁለቱንም አንብቦ ወደ እኔ ገፋቸው። «ስማ እንዳለው፣ ደን የተማርከው አንተ ነህ። ውጣና እይ፤ ያየኸውንም እሑድ ለሕዝቡ ንገር። ጥፋቱ የሷ ከሆነ ከፎርማንነቷ ትነሣለች። ሰኞ ይወሰናል፤ ሪፖርትህ ከዚያ በፊት ይድረሰኝ።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ከደባርቅ ሚኒባስ ይዤ ደባት ወረድኩ።

ታንጉት አርባ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናታል። በላስቲክ ከረጢት በተደረደሩት ችግኞች መካከል ቁጢጥ ብላ አረም ስትነቅል አገኘኋት። ቀና ብላ አየችኝና ወደ አረሟ ተመለሰች።

«ፈራጁ መጣ» አለች።

«ፈራጅ አይደለሁም፣ እትዬ ታንጉት።»

«እንግዲያስ ምንድን ነህ? ቦርሳ አንግተሃል፣ ጫማህን አፈር አልነካውም። ፈራጅ ነህ እንጂ።» እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሣች። «ና፣ መጀመሪያ የሚታየውን እይ፤ ከዚያ ትጠይቀኛለህ።»

ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደችኝ። ከአጥሩ ጥግ ጥጉን ሦስት ረድፍ ጥድ ተተክሏል። ከጉልበቴ ያልፋል፤ ጫፉ ለስላሳ፣ ገና እያደገ ያለ፣ ብሩህ አረንጓዴ ነው። በማስታወሻዋ ላይ የመደቡን ቁጥርና ችግኙ የወጣበትን ቀን አሳየችኝ፤ ወደ አፋፍ ሚካኤል ከተላከው ጋር አንድ ነው።

«ዘሩን ከየት ለቀማችሁት?» አልኳት።

«ከታች፣ ከሞቃቱ ሸለቆ። እዚያ ጥዱ አጭር ነው፤ ፍሬው ለእጅ ይደርሳል። ሲፈላም አያስቸግርም፤ ቶሎ ይመዘዛል። ሰው ደግሞ ችግኝ የሚመርጠው በቁመቱ ነው። አጭር አጭሩን ብሰጣቸው ‹ይቺ ሴትዮ ቀንጫራ አሸከመችን› ይሉኛል።»

«ከደጋው ለቅማችሁ አታውቁም?»

ሳቀች። «ከደጋው የት አለና? መንገዱን ስትመጣ አላየህም? ባሕር ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ፣ ባሕር ዛፍ። እላይ ጥድ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት አፋፍ ሚካኤል ድረስ ወጥቼ አንድ ቁና ፍሬ ለምኜ ነበር። መምሬ ‹ከዚህ ቅጥር ቅጠል አይወጣም፤ ግዝት አለበት› ብለው መለሱኝ። ተሳልሜ ወረድኩ።»

«ይሄን ለምን ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም?»

«ቄስ ቤቱን ጠበቀ ብዬ ልክሰስ?» አለች ቆጣ ብላ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ፣ አንተ ልጅ። እዚህ የገባሁት በአረም ነቃይነት ነው። ባሌ የሞተ ዓመት። ፎርማን ያደረገኝ ዘመድ አይደለም፤ እጄ ነው። አጥፍቼ ከሆነ ጥፋቴን አሳየኝና በገዛ እግሬ እወጣለሁ። አታላለች ተብዬ ግን አልወጣም። እሑድ ሕዝቡ ፊት እንደምትናገር ሰምቻለሁ። እመጣለሁ።»

«መምጣት የለብሽም።»

«ስሜ የሚነሣበት ቦታ ነው። እመጣለሁ።»

ዐርብ ማለዳ አፋፍ ሚካኤል ደረስኩ። ፀሐይ ብትወጣም ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ብሎ ተኝቷል፤ ስረግጠው ይንኮሻኮሻል። የተቀበለኝ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ አያ ያርጋል ነው፤ ስድሳውን ያለፈ፣ አንገቱን እስከ ጆሮው በጋቢ የጠቀለለ ሰው። የመምሬን ደብዳቤ በሙሉ እንደሚያውቀውና እያንዳንዱ ቃል እውነት እንደሆነ አስቀድሞ ነገረኝ።

ተዳፋቱን ከላይ እስከ ታች ረድፍ በረድፍ ሄድኩበት። በአንዳቸውም ላይ የበግ ጥርስ የለም። ሃያውን ነቅዬ ሥራቸውን አየሁ፤ ላስቲኩ በሥርዓት ተገፏል፣ ጉድጓዱ ጥልቅ ነው፣ ዙሪያው በደረቅ ሣር ተሸፍኗል። ሰዎቹ እንደ ልጅ ነው የያዙት። ሥሩም አልታመመም፤ መሬት ውስጥ ነጭ ሥር አውጥቶ መያዝ ጀምሮ ነበር። የደረቀው ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ ለስላሳው ጫፍ ጠቁሯል፤ ከዚያ ከመሬት ስንዝር ከፍ ብሎ ልጡ ተሰንጥቋል። ውርጭ ነው።

ስለዚህ ሁለቱም ደብዳቤዎች ያዩትን በትክክል ጽፈዋል፤ ሁለቱም ያላዩትን ሲገምቱ ተሳስተዋል።

ግን ሪፖርቴ ላይ «ውርጭ» ብዬ ብቻ ብጽፍ ታንጉትን አያድናትም። ከተዳፋቱ በላይ፣ ከድንጋይ ካቡ ወዲያ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ትልልቅ ጥዶች በዚያው ውርጭ ውስጥ ቆመዋል። እነሱ ከቻሉት የእሷ ችግኝ ለምን አቃተው ይባላል። መልሱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ። በሰፊ አገር የተዘረጋ አንድ የዛፍ ዓይነት በሁሉም ቦታ አንድ ጠባይ የለውም። በሞቃቱ ዳር ያለው ቶሎ ይመዘዛል፣ ወቅቱ እያለፈም ማደጉን አያቆምም። በብርዱ ዳር ያለው አጥሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ቅዝቃዜው ሳይመጣ እድገቱን ገትቶ ይጠነክራል። ይሄ በብዙ ትውልድ የመጣ ነው፣ በዘሩም ይተላለፋል። ግን መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን ብቻ ይዤ ማንን አሳምናለሁ?

እንዲህ እያሰብኩ ወደ ካቡ የተጠጋውን የመጨረሻ ረድፍ ስሄድ አረንጓዴ ነገር አየሁ። ተንበረከክሁ። ከደረቁት ግማሽ እንኳ አይሆንም። ቅርንጫፉ መሬት ለመሬት ተጋድሟል፣ ቅጠሉ ደብዘዝ ብሎ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ሲነኩት ይዋጋል። ሕያው ነው። ቀጥሎም ሌላ፣ ቀጥሎም ሌላ። አሥራ አራት ቆጠርኩ። በዚያው ረድፍ መጀመሪያ ላይ ሦስት የደባት ችግኞች ደርቀው ቆመዋል።

«አያ ያርጋል፣ እነዚህ ከየት መጡ?»

«የእግዜር ሥራ ነው» አለ ወደ ሰማይ እያየ።

«እግዜር ዙሪያውን ሣር አያለብስም።»

ያርጋል በትሩን መሬት ላይ ወዲያ ወዲህ ካደረገ በኋላ ካቡ ላይ ተቀመጠ። «ሐምሌ ላይ ሕዝቡ ጉድጓድ ቆፈረ፤ የሚቆጥረው ደርቤ ነበር፤ ቆጠራ አይችልም፣ አሥራ አራት አስበለጠ። ችግኝ አለቀ። ሰዉ ሲሄድ ባዶውን ጉድጓድ አየሁትና ሆዴ አልችል አለኝ። ከደጀ ሰላሙ ሥር፣ ከትልቁ ጥድ ወድቀው የበቀሉ ነበሩ፤ በየእሑዱ ሰው ይረግጣቸዋል። ነቀልኩና ከቅጥሩ አውጥቼ እዚህ ተከልኳቸው።»

«ግዝቱስ?»

«ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። ልጄ፣ እኔ እኮ ዘበኛ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ጭራሮ ሲለቅም በድንጋይ ሳባርር የኖርኩ ነኝ። እኔ አወጣሁ ከተባለ ምን እባላለሁ? ለመምሬ አትንገርብኝ።»

ብዙ አሰብኩ። «አልናገርም» አልኩት በመጨረሻ። «ምስጢሩ የአንቱ ነው። ግን ይሄንን ይወቁ፤ ሰኞ አንዲት ሴት ከሥራዋ ትነሣለች። እሷን ነጻ የሚያወጣው እዚህ ረድፍ ላይ ያለው ነገር ነው።»

ጋቢውን ወደ ጆሮው ስቦ ተነሣና ወደ ቅጥሩ ገባ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቅጥሩ ውጭ ባለው ሣር ላይ ተቀመጠ። ታንጉት ቅዳሜ ደባርቅ ደርሳ፣ ከዚያ ሌሊቱን በእግሯ ወጥታ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ከሴቶቹ ጎን ቆማለች። ማንም ተቀመጪ አላላትም። መምሬ ሃብተ ጊዮርጊስ በርጩማ ላይ ሆነው መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈዋል። ቀጭን፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው።

ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ። ሕዝቡ በሚገባ እንደተከለ፣ በግ እንዳልገባ፣ ችግኙም ጤነኛ እንደነበር፣ የገደለው ውርጭ እንደሆነ።

ያ ጉድጓድ ቆጣሪው ደርቤ፣ ድምፁ ጎላ ያለ ገበሬ፣ ተነሣ። «ውርጭ ዘንድሮ ነው እንዴ የተጀመረ? እነዚያን ጥዶች እያቸው! ከአያቴ በፊት ጀምሮ ውርጭ ሲወርድባቸው ኖረዋል።»

«እነሱ የዚህ አገር ልጆች ናቸው። የኛ ችግኞች ግን የሸለቆ ልጆች ነበሩ።»

«ቆለኛ ናቸው በለና! ቀድመህ ብትነግረን ጋቢ እናለብሳቸው ነበር!»

ሰዉ ሳቀ። እስኪያበቁ ጠብቄ «ደርቤ፣ የቆላ ገብስ እዚህ ዘርተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

እሱ ሳይመልስ ከሴቶቹ መካከል አንዷ ጮኸች፤ «የዛሬ አራት ዓመት! ገለባ አጭዶ ገባ!» ሳቁ ወደ ደርቤ ዞረ።

«እሱማ ገብስ ነው!» አለ ደርቤ እጁን እያወናጨፈ። «ገብስ ሰው የመረጠው ነው፤ የየአገሩ ዘር አለው። ጥድ ግን እግዜር የተከለው ነው። እዚህም ጥድ ነው፣ እዚያም ጥድ ነው። አንድ ነው!»

ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ እዚህ ጋ እንደተያዘ ያኔ ገባኝ። እያንዳንዳቸው ገብሱ እርሻ በተለወጠ ቁጥር እንደሚለወጥ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ፤ ዱር የበቀለውን ግን ማንም ሰው ስላልመረጠው ቦታውም የሚመርጠው አይመስላቸውም።

«ልጄ» አሉ መምሬ፣ «መጽሐፍህን አልንቅም። እኛ ግን በዓይናችን ያየነው የሴትዮዋ ችግኝ መድረቁን ነው። ሌላ የሚታይ ነገር አለህ?»

ነበረኝ። የእኔ ግን አልነበረም። «የምናገረውን ተናግሬአለሁ፣ አባቴ» አልኩ። ወደ ያርጋል ላለማየት መሬት መሬት አየሁ።

ታንጉት ከቆመችበት ወደ መሀል ወጣች። «አባቴ፣ ልናገር?»

«ተናገሪ።»

«እኔ የሸለቆ ዘር እዚህ እንደማይሆን አላውቅም ነበር። ይሄንን ዛሬ ነው የሰማሁት፤ አለማወቄን እቀበላለሁ። ግን እርስዎ የጻፉት አታላለች ብለው ነው። ነገ በዚህ ቃል ከሥራዬ እነሣለሁ። አለማወቄን ከጻፉ እሄዳለሁ፤ ማታለሌን ከጻፉ ግን ያታለልኩትን እዚህ ሕዝብ ፊት አሳዩኝ። እስኪያሳዩኝ አልወርድም።» ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

ማንም አልሳቀም። ደርቤ እንኳ ተመልሶ ቁጭ አለ።

ያኔ አያ ያርጋል ከካቡ ሥር ተነሣ። ከራሱ ላይ ጋቢውን አወረደ። «እኔ የሚታይ አለኝ» አለ። ነገሩን ከሐምሌ ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ተናገረ።

«ከውስጥ?» አሉ መምሬ።

«ከውስጥ፣ አባቴ። ከደጀ ሰላሙ ሥር።»

«ግዝቱን እያወቅህ?»

«እያወቅሁ። ለማገዶ አላወጣሁም፤ ለራሱ ለቤቱ ነው።»

«ሌባውስ ዘበኛው ራሱ ነዋ!» አለ ደርቤ። የሳቀለት ግን የለም።

መምሬ ተነሡና ቁልቁል ወደ ረድፉ ሄዱ። ሁላችንም ተከተልናቸው። አሥራ አራቱን በመቋሚያቸው ጫፍ እየነኩ አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከመጨረሻው አጠገብ በጉልበታቸው ተንበርክከው ቅጠሉን በጣታቸው ጨበጡት፤ ወግቷቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«እነዚያ ሦስቱስ?»

«የደባት ናቸው» አልኩ። «አባቴ፣ እውነቱን ለመናገር አሥራ አራትና ሦስት ትንሽ ቁጥር ነው። ካቡም ትንሽ ከለላ ሰጥቷቸው ይሆናል። ግን ከለላው ለሁሉም እኩል ነው፤ በአንድ ረድፍ የዚህ አገሮቹ ሁሉም አሉ፣ የሸለቆዎቹ ሁሉም ሞተዋል።»

«ለሷ ልትመሰክር መጥተህ መልሰህ ትጠራጠራለህ?»

«ያየሁትን ልናገር ነው የመጣሁ፤ ለማንም ልመሰክር አይደለም።»

ትኩር ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ታንጉት ዞሩ። «የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ቁና ፍሬ የለመነችኝ ሴት አንቺ ነበርሽ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«አስታወስኩሽ። ስመልስሽ አልተከራከርሽም ነበር።»

«ቤቱ የእርስዎ ነው።»

መምሬ ተነሡ። ከቆሙበት ሆነው ቦረቦሩን ተመለከቱ። «ግዝቱን ያሰሩት ከእኔ በፊት የነበሩ አባቶች ናቸው» አሉ። «እኔ አልፈታውም። ዛሬ ፍሬ ይውጣ ብል ነገ ቅርንጫፍ፣ ከነገ ወዲያ ግንድ ይወጣል። ይሄ ዛፍ እዚህ የቆየው ባለመፈታቱ ነው።»

ያርጋል አንገቱን ደፋ። ታንጉት ከንፈሯን ነከሰች። እኔም በልቤ ሪፖርቴን መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ ዘሩ ከሌለ የሚተከል የለም፤ የሚተከል ከሌለ ቦረቦሩ አይቆምም።

«እንግዲያስ ቦረቦሩ ይብላና!» አለ ደርቤ።

«አልጨረስኩም፣ ደርቤ።» መምሬ መቋሚያቸውን ከተዳፋቱ በታች ወዳለው ጫፍ ዘረጉ። «ከቅጥሩ ቅጠል አይወጣም። ቅጥሩ ግን ይወጣል። ከማክሰኞ ጀምረን ይሄንን ካብ ከዚህ እያነሣን ከቦረቦሩ ማዶ እንክበዋለን። ከዚህ እስከዚያ ያለው ተዳፋት ሁሉ የሚካኤል ግቢ ይሆናል፤ በውስጡ የሚለቀመውም የሚተከለውም ከቅጥር የወጣ አይባልም።»

«ግጦሹስ?» አለ ደርቤ። «በጎቻችን?»

«የኔም በጎች የሚግጡት እዚሁ ነው። ከእናንተ በጎች ጋር እነሱም ይወጣሉ።»

ጉርምርምታ ተነሣ፤ የተቃወመ ሰው ግን አልሰማሁም። መምሬ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ድምፃቸውን ለሁሉም አሰሙ።

«መደቡ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ይሠራል። ያርጋል ውሃ እየቀዳ ያጠጣል፤ ቀኖናው ይኸው ነው። ዘሩን የምታስለቅመውና የምታፈላው ታንጉት ናት፤ ከፎርማንነቷም መነሣት የለባትም። ነገ እኔ ራሴ ደባርቅ ወርጄ፣ አላታለለችም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ በገዛ አፌ እናገራለሁ።»